የአርዌ በትር፦ ዘንዶ የተጠመጠመበትን የእንጨት በትር ስለ መቅረጽና ስለ መቀባት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳሎኔ ጥግ የቆመውን በትር ያየ እንግዳ ሁሉ አንስቶ ያዞረዋል። ከጅራቱ ተነሥቶ ራሱን ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ እንጨቱ ምንድን ነው? ዘንዶው ተለጥፎ ነው ወይስ ከራሱ ከእንጨቱ ወጥቶ? ቀለሙ አይለቅም? አንዱን መልስ ለአሥር ሰው ስደጋግም ከረምኩና በመጨረሻ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የእኔ በትር የአርዌን ታሪክ ስለሚተርክ ምሳሌዎቼ ከእሱ የተወሰዱ ናቸው። ሌላ ተረት የመረጠ ሰውም ተረቱን ለውጦ አሠራሩን መውሰድ ይችላል።

አርዌ ማን ነው?

በጥንቱ ትረካ ሰው ከመንገሡ በፊት ኢትዮጵያን የገዛ ዘንዶ ነው። ቃሉ የግእዝ ነው፤ አርዌ ማለት አውሬ ሲሆን እባብን ደግሞ ግእዙ «አርዌ ምድር» ይለዋል። አንዳንድ የነገሥታት ዝርዝር ሲጀምር 400 ዓመት ነገሠ ብሎ በእሱ ይጀምራል። ሕዝቡ ፍየልና በግ፣ ሲብስም ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። በኋላ አጋቦስ የሚባል ሰው (አንጋቦ የሚሉትም አሉ) መርዝ የበላች ፍየል አቅርቦለት ገደለው፤ ሕዝቡም አነገሠው። ማክዳ፣ ንግሥተ ሳባ፣ የዚህ ሰው ልጅ ናት።

ሥዕሉን ሳታዩት አትቀሩም። ቸርችል ጎዳና ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች የሚሰቀለው፣ በትንንሽ ሳጥን ተከፋፍሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበው፣ ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ያለው የንግሥተ ሳባ ሥዕል የሚነሣው ከዚሁ ዘንዶ ነው።

በአክሱም አካባቢ የሚነገረው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዚያኛው ልጅቷ ለዘንዶው ተሰጥታ ከዛፍ ጋር ትታሰራለች፤ የሚገድሉትም ቅዱሳን ናቸው። ሲገድሉት ደሙ እግሯ ላይ ጠብ ይልና ተረከዟ የአህያ ሰኮና ይሆናል። እኔ ሁለቱን ትረካ አዳብዬ ነው የሠራሁት። የታሪክ ሊቅ ሊቆጣኝ ይችላል፤ እንጨቱ ግን ሁለቱንም ችሏል። ያቺን የደም ጠብታ ያዟት፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

ሰሌዳ ላይ መሳል እያለ ለምን በትር?

ሰሌዳ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል። በትር ግን ከግማሹ በላይ አያሳይም፤ የቀረውን ለማየት ማዞር አለባችሁ፤ ስታዞሩት ደግሞ ያያችሁት ይሰወራል። ለዘንዶ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ወረቀት አላውቅም። አንድ የግእዝ ትረካ አርዌን 170 ክንድ ያደርገዋል፤ ይህን ሁሉ በሦስት ክንድ እንጨት ላይ ለማስፈር መጠምጠም ግድ ነው።

ለዚህም ነው ሰው መጀመሪያ ስለ ቀለም ሲጠይቀኝ የማልመልሰው። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው። ዘንዶው እንጨቱ ላይ በደንብ ካልተኛ የትኛውም ቀለም አያድነውም።

የቱን እንጨት ልምረጥ?

የሚሆነውን ከማየታችን በፊት የማይሆነውን እናውጣ። ቁልቋልና ቅንጭብ እንዳትነኩ፤ ወተታቸው ዓይን ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። ባሕር ዛፍ በየቦታው ስለሚገኝ ያጓጓል፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ርካሽ ነው። ነገር ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ለመለማመጃ ካልሆነ አልመክረውም። የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀለም ይቀበል ይሆናል እንጂ አይፈለፈልም።

ወይራ የዱላ ንጉሥ ነው። ጠንካራ፣ ከባድ፣ የጠቆረ ልብ ያለው፣ ሲቀረጽ የወተት ዕቃ ሲታጠንበት የምታውቁት ሽታ ቤቱን የሚሞላ። ቅርጹን በጥራት ይይዛል፤ የዘንዶውን ቅርፊት አንድ በአንድ ብታወጡ ጠርዙ አይፈርስም። ችግሩ መሮ ያደክማል፣ እጅም ያደክማል። ለመጀመሪያ በትር ወይራ መምረጥ ለመጀመሪያ ቀን መንዳት ሲኖትራክ እንደ መያዝ ነው።

ዋንዛ ከዚያ የለዘበ ነው፤ ሳይጣመም ይደርቃል፣ ለመሮም ይታዘዛል። ከአናጢ ቤት የተረፈ ረጅም ቁራጭ ካገኛችሁ ውሰዱ። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው። ክትክታ ያለው ሰውም እድለኛ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከተገኘ ማለቴ ነው፣ እሱ ደግሞ ብርቅ ነው። ከጫካ የቆመ አገር በቀል ዛፍ ግን ለጌጥ ብላችሁ አትቁረጡ። ጎረቤት አጥሩን ሲከረክም የሚጥለው ቅርንጫፍ ይበቃል።

መጠኑ ትከሻችሁ ድረስ ቢሆን ያምራል፤ ከ130 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር። ውፍረቱ ላይ ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ስትፈለፍሉት ይቀንሳልና።

ውጭ አገር ነው የምኖረው፤ ወይራውን ከየት ላምጣ?

አታምጡት። አሜሪካ ያለ ሰው ሂከሪ ወይም አሽ የሚባሉትን እንጨቶች በየእንጨት መሸጫው ያገኛል፤ ሁለቱም የመጥረቢያ እጀታ የሚሠራባቸው ጠንካሮች ናቸው። አውሮፓ ያለ ሰው ሃዘል ይፈልግ፤ ቀጥ ብሎ የሚያድግ የዱላ እንጨት ነው። ለመጥረጊያ እጀታ ተብሎ በማሽን የተጠረበ ክብ እንጨትም ይሠራል፤ ሕይወት የለውም እንጂ። ጉጥ የሌለበት በትር ፊት የሌለው ሰው ይመስለኛል።

እርጥቡ ሲቀረጽ ይቀላል፤ ለምን እጠብቃለሁ?

ስለሚቀልማ ነው ሰው የሚሳሳተው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል። ያውም ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ ዙሪያውን አብዝቶ፣ ቁመቱን ጥቂት ብቻ። ስለዚህ ይሰነጠቃል። እኔ የመጀመሪያውን በትር ከተቆረጠ በሁለተኛው ሳምንት ጀመርኩት። ዘንዶው አምሮ ወጣ። በወሩ ከራሱ እስከ ሆዱ ስንጥቅ ገባበት፤ ጣቴ የሚገባበት። አጎቴ አይቶት «አጋቦስን ቀደምከው» አለኝ።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። እንጨቱን በበጋ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቁረጡ። በሁለቱም ጫፍ አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጫፍ ስለሆነ በኋላ ትጥሉታላችሁ። የተቆረጠውን ጫፍ በቀለጠ ሻማ ወይም በተረፈ የዘይት ቀለም ድፈኑት። ከዚያ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ውስጥ አጋድሙት፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይሆንም። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይፈጃል። መድረሱን ለማወቅ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፦ በየሳምንቱ መዝኑና ጻፉ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

ቅርፊቱን መላጡ ይሻላል፤ ነቀዝ የሚቀመጠው ከሥሩ ነው። ከእንጨቱ ሥር እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካያችሁ ሌላ እንጨት ፈልጉ።

እንጨቴ ጠማማ ነው። ይቃናል?

ጥቂት ጠማማ ከሆነ ተዉት፤ ዘንዶውን ያግዘዋል። ብዙ ከሆነ የድሮ ዱላ ሠሪዎች ዘዴ አለ። የጎበጠውን ቦታ ከነበልባል ሳይሆን ከፍም በላይ እያገላበጡ ማሞቅ፤ እጅ ሊይዘው የማይችል ሲሆን በሁለት ድንጋይ መካከል ወይም በጉልበት ወደ ተቃራኒው ማጠፍ፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አለመልቀቅ። ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋችሁ እጠፉት፣ ይመለሳልና። በአንድ ጊዜ ካልሆነ በማግስቱ ይደገማል። መጥቆር ከጀመረ በጣም ቀርቧል ማለት ነው።

መጠምጠሚያውን መስመር እኩል የማወጣው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ውፍረቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ በትር ዙሪያው 12.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዘንዶው 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላይ ሰባት ጊዜ ይዙር ብንል በእያንዳንዱ ዙር 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ዙሪያውና ከፍታው ስለተቀራረቡ መስመሩ 45 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ይህ ማዘንበል ለዓይንም ለመሮም ይስማማል። ከዚያ ይበልጥ ከተኛ ዘንዶው የሞላ ሽቦ ይመስላል፤ ከዚያ ይበልጥ ከቆመ ደግሞ የተንጠለጠለ ገመድ። በዚህ ስሌት የዘንዶው ርዝመት 126 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከተኛበት እንጨት በ36 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል ማለት ነው።

መስመሩን በእርሳስ ከማስመራችሁ በፊት ቁመቱን በአራት ቀጥ ያሉ መስመሮች ክፈሉት፤ እንደ አራቱ የሰማይ ማእዘን። ከዚያ በ13 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ዙሪያውን ክብ ክብ ምልክት አድርጉ። አሁን ወፈር ያለ የጥጥ ፈትል ወስዳችሁ ከታች በማጣበቂያ ፕላስተር ያዙትና እየጠመጠማችሁ ውጡ፤ በየሩብ ዙሩ ሩብ ከፍታ እየጨመራችሁ። ሳትቸኩሉ ራቅ ብላችሁ እዩት። ዓይናችሁ የሚያርፍበት ሲሆን ብቻ በፈትሉ ግራና ቀኝ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ተኩል ለቃችሁ በእርሳስ አስምሩ። ዘንዶው 3 ሴንቲ ሜትር ወፈረ፤ በዙሮቹ መካከል ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሪባን ተረፈ። ታሪኩ የሚሳለው በዚያ ሪባን ላይ ነው።

ወደ ጅራቱ ስትወርዱ ዘንዶውን አቅጥኑት። ጉጥ ካጋጠማችሁ አትሽሹት፤ መስመሩን ትንሽ አንሻፋችሁ ጉጡን የዘንዶው ወገብ ላይ አሳርፉት፤ ፍየል የዋጠ ያስመስለዋል። እኔ ሦስተኛው ዙር ላይ ያደረግሁት ይህንን ነው። ያየ ሁሉ አስቤበት የመሰለው በእውነት የጉጡ ሥራ ነው።

ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ከምትገምቱት ያነሰ። ስለታም ቢላ፣ ሁለት መሮ (አንድ ጠፍጣፋ፣ አንድ ጎድጓዳ)፣ መዶሻ፣ የእንጨት ሞረድ፣ የብርጭቆ ወረቀት። እንጨቱን የሚይዝ ሞርሳ ካለ እሰየው፤ ሲነክሰው እንዳያቆስለው በአሮጌ ጎማ ጠቅልሉት። የአቧራ ጭንብል እንዳትረሱ፤ የወይራ ብናኝ አፍንጫና ደረት ያስቆጣል።

ዘንዶውን ከእንጨቱ እንዴት አወጣዋለሁ?

መጀመሪያ ሁለቱን የእርሳስ መስመሮች በቢላ ወደ ታች ውጉ፤ ይህ ቁርጥ መሮው ሲያመልጥ የሚያቆመው ግድግዳ ነው። ከዚያ ሪባኑን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጉት። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መስመሩ አዘንባይ ስለሆነ በዘንዶው ላይኛው ጎን እንጨቱ የሚታዘዝበት አቅጣጫና በታችኛው ጎን የሚታዘዝበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው። መሮው እየቆረጠ መሆኑ ቀርቶ እየፈለጠ ከሄደ ቆም በሉና በትሩን ገልብጡት። ምልክቱ ድምፁ ነው። ትክክለኛው «ሽር» ይላል፣ የተሳሳተው «ቅርጭ»።

ሪባኑ ዝቅ ሲል የዘንዶውን ጠርዝ በሞረድ አድቦልቡሉት። ብርጭቆ ወረቀቱ ከ80 ቁጥር ጀምሮ ወደ 120፣ 180፣ 240 ይሄዳል። በመጨረሻ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና ይድረቅ፤ ፀጉሩ ይቆማል። ያን ጊዜ በ240 ቀስ ብላችሁ መልሱት። ይህችን የዘለለ ሰው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በትሩ ያልተላጨ አገጭ ይሆንበታል።

የቆዳውን ቅርፊት አንድ በአንድ መፈልፈል አይጠበቅባችሁም። ትልቅ ሚስማር ወስዳችሁ ጫፉን በሞረድ ግማሽ ጨረቃ አድርጉትና በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ረድፍ በረድፍ ምቱ። ረድፎቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይፈራረቁ። ሆዱ ላይ አያስፈልግም፤ ጀርባው ይበቃል።

ራሱን ስሠራ ምን ልጠንቀቅ?

የባህላችንን የሥዕል ሕግ የሚያውቅ ሰው እዚህ ይቸገራል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሱና ደጉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። የተቀረጸ የዘንዶ ራስ ግን እንደ እውነተኛ እባብ በግራም በቀኝም ዓይን ሊኖረው ነው። ሁለት ዓይን ያለው አርዌ ሠርቼ ነበር፤ ያየው ሁሉ «እንዴት ደስ ይላል» አለኝ። ደስ እንዲል አልነበረም የታሰበው።

መፍትሔው ራሱን ወደ ጎን አዙሮ አንዱን ጉንጩን እንጨቱ ላይ ማስተኛት ሆነ። አሁን የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ሌላው በእንጨቱ ውስጥ ቀርቷል። አጋቦስ ደግሞ ከሥሩ ባለው ሪባን ላይ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች ይመለከታችኋል።

ቀለሙን በቀጥታ እንጨቱ ላይ ልቀባ?

እንጨት ቀለም ይጠጣል፤ ቀይ የቀባችሁት ቡና ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጭ መሠረት። ከሱቅ የሚገኝ ካለ እሱን፤ ከሌለ ነጭ ኮላና ውሃ እኩል አድርጋችሁ የተፈጨ የትምህርት ቤት ጠመኔ እርጎ እስኪመስል ጨምሩበት። የግንብ ጀሶ በቀጥታ እንዳትጠቀሙ፤ ሳህኑ ውስጥ እያለ ይጠጥርባችኋል። ጠመኔ ከጀሶ የተሠራ ቢሆንም አንዴ ጠጥሮ ያለፈ ስለሆነ ሲፈጭ ተመልሶ አይጠጥርም። ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቡ፤ በየመካከሉ ይድረቅ፤ በመጨረሻ በ240 አለስልሱት። ሚስማሩ ያወጣው የቅርፊት ምልክት እንዳይደፈን ዘንዶው ላይ አንድ ጊዜ ይበቃል።

እንጨታችሁ ወይራ ከሆነ ከመሠረቱ በፊት ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቅባት አለው። እጃችሁ የሚይዘው ቦታ፣ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል፣ መሠረትም ቀለምም አይንካው።

የትኛውን ቀለም?

አክሪሊክ። ቶሎ ይደርቃል፣ በውሃ ይታጠባል፣ አይሸትም። ለበርና ለመስኮት የሚሆነው የዘይት ቀለም ይሠራል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ የቅርፊቱን ምልክት ይሞላዋል፣ ይንጠባጠባልም። ዕድሜው የማይታወቅ የድሮ ጣሳ ከጓዳ አውጥታችሁ እንዳትጠቀሙ፤ በተለይ ቀይና ቢጫ ከሆነ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል።

ቀለሙን ስትመርጡ ከጥቂቶቹ አትውጡ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ፤ የባህላዊው ሥዕል ቤት ከነዚህ ጋር ዘመን ኖሯል። ሳትደባልቁና ሳታደበዝዙ ሙሉ ሙሉውን ሙሉት። ጥቁሩን የዳር መስመር መጨረሻ ላይ በቀጭን ብሩሽ አስምሩ። እጅ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ትንሿን ጣቱን እንጨቱ ላይ አሳርፎ ብሩሹን ሳይሆን በትሩን ያዙር፤ መስመሩ ራሱ ይመጣል። ለዓይኑ መጀመሪያ ቢጫ፣ ሲደርቅ መካከሉ ላይ ቀይ። ያ የግእዝ ትረካ ዓይኑን በእሳት ነበልባል ይመስለዋል።

ሪባኑ ላይ ሰዎቹን ስትስሉ አንድ ወጥመድ አለ። ሪባኑ ያዘነበለ ስለሆነ እጃችሁም አብሮ ያዘነብላል፤ ሰዎቹ ገደል የሚንሸራተቱ ይሆናሉ። ሪባኑ ያዘንብል፤ ሰዎቹ ግን ከበትሩ ቁመት ጋር ቀጥ ብለው ይቁሙ። የኔ ታሪክ ከታች ይጀምራል፦ ፍየል የሚጎትቱ ሰዎች፣ የምታለቅስ እናት፣ አጋቦስ፣ መርዙ፣ ከላይ የዘንዶው አፍና ፍየሏ። ስድስት ሰባት ትዕይንት ይበቃል፤ 44ቱን ለሸራ ተዉለት።

ቫርኒሽ ይሻላል ወይስ ቅቤ?

አያቶቻችን ዱላቸውን ቅቤ እየቀቡ ጭስ ላይ ያቆዩት ነበር፤ የሚያብረቀርቅ ቡናማ ይሆናል። ለባዶ እንጨት ጥሩ ነው፤ ቀለም ላይ ግን አይሞከርም። ለተቀባው ክፍል ድፍርስ የማይል በውሃ የተሠራ ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ፤ በዘይት የተሠራው ከጊዜ በኋላ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል። መስታወት የሚመስል አንጸባራቂ አትምረጡ፤ መብራት ሲያርፍበት ሥዕሉ ይጠፋል።

ለእጅ መያዣው የተልባ ዘይት። በጨርቅ ቀብታችሁ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን ጥረጉ፤ በማግስቱ ድገሙ። የኑግ ዘይትም ይሠራል፤ ለመድረቅ ግን ይዘገያል። አደራ የምለው ስለ ጨርቁ ነው። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ራሱን በራሱ አሙቆ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

መቋሚያ ላይ ብስለውስ?

አይሆንም እላለሁ። መቋሚያ ከጸናጽልና ከከበሮ ጋር የማኅሌት ዕቃ ነው፤ የሳሎን ጌጥ አይደለም። በበኩሌ የራሱን ቅርጽ እንኳ አልቀዳም። ዘንዶውን በመልካም ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ታሪክ አለለት፤ አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ ያወጣው ዘንዶ። ያኛው ጠላት ሳይሆን መሰላል ነው፤ ራሱም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይመለከታል።

ሰው ሁሉ የመድኃኒት ቤት ምልክት ነው ይለኛል። ምን ልበል?

በትርና እባብ ሲያይ ያንን ማሰቡ አይፈረድበትም። የሕክምናው ምልክት የግሪኮች የፈውስ አምላክ የአስክሊፒየስ በትር ነው፤ አንድ እባብ፣ ክንፍ የሌለው። ሁለት እባብና ክንፍ ያለው ደግሞ የሄርሜስ ነው፣ የመልእክተኞችና የነጋዴዎች አምላክ። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል በ1902 እ.ኤ.አ. የሄርሜስን ወስዶ ስለተጠቀመበት ሁለቱ እስከ ዛሬ ይምታታሉ። ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብም አለ፤ በኋላ ሕዝቡ ሲያጥንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። የእናንተ አርዌ ከእነዚህ እንዲለይ ከፈለጋችሁ አፉ ውስጥ ፍየሏን አድርጉ። ፍየል የያዘ የመድኃኒት ቤት የለም።

አውሮፕላን ላይ ይዤው ብሄድ?

በእጅ አያስገቡላችሁም፤ ዱላ ዱላ ነው። በካርቶን ቱቦ አድርጋችሁ ከሻንጣ ጋር አስረክቡ። ስትደርሱ የእንጨት ዕቃ መያዛችሁን አስታውቁ። ተቆጣጣሪዎቹ የሚፈልጉት የዛፍ ልጣጭና ነፍሳት ነው፤ የተላጠና ቫርኒሽ የተቀባ በትር ብዙም አያስቸግርም።

ስንት ጊዜ ይወስዳል?

መድረቁን ሳልቆጥር የኔ ሦስት ወር ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። ሁለቱ ወር መቅረጽ ነው።

ከልጆች ጋር ይሠራል?

መቅረጹ አይሠራም፤ መቀባቱ በደንብ ይሠራል። ለቡሄ የሚይዙትን ተራ ዱላ ላጡላቸውና ፈትሉን ጠምጥሙላቸው። በፈትሉ ላይ ቀብተው ሲደርቅ ሲፈቱት ነጩ መስመር እባብ ሆኖ ይቀራል። የልጄ እባብ ሐምራዊ ነው፤ ስሙም አርዌ አይደለም።

መሬት የሚነካው ጫፍ እንዳያልቅ ምን ላድርግ?

አንዳንዱ የድሮ ዱላ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ወይም ቀለህ ይገባበታል። ሳሎን ውስጥ ለሚቆም በትር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ክብ በኮላና በአንዲት ሚስማር መምታት ይበቃል፤ ወለሉንም አይቧጥጥም።

እኔ ግን ጫፉን ሰኮና አድርጌ ቀርጬዋለሁ፤ የአህያ ሰኮና። ከዘንዶው አፍ ተነሥቶ ሪባኑን ሁሉ አቋርጦ በቀጥታ የሚወርድ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፤ ሰዎቹን አልፎ፣ እናትየዋን አልፎ፣ ሰኮናው ላይ በአንዲት ጠብታ ያበቃል። እንግዳ በትሩን እያዞረ ዘንዶውን ሲከተል ይህን መስመር አያየውም፤ የሚያየው ማዞሩን ሲያቆም ነው። ጠብታዋ ከወለሉ ጋር እየተነካካች ስለምትለቅ በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ጳጉሜን ላይ ቤት ሲጸዳ፣ በትንሿ ብሩሽ እንደ ገና እቀባታለሁ።